«የሟች እህቴን ልጅ ወደ አሜሪካ ለመውሰድ በየት በኩል ልሂድ?»

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 38 ነው፤ አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም። በዲቪ ወጥቼ ቨርጂኒያ ከገባሁ አራት ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ለዜግነት ለማመልከት ወራት ብቻ ቀርተውኛል። ታናሽ እህቴ ከሁለት ዓመት በፊት አረፈች። ልጇ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ትኖራለች። አባቷ ሳትወለድ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ ድምፁ ጠፋ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ያለ ሰው ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረኝ፦ ወይ እናቷ እኔ እንደሆንኩ ተደርጎ የልደት ሰርተፍኬት ይወጣል፣ ወይ ልጅቷ ለጥቂት ወራት ሕፃናት ማሳደጊያ ገብታ በጉዲፈቻ ትወጣለች። 5,000 ዶላር ጠይቆ ግማሹን በቅድሚያ ላኪ ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ መጀመሪያ ዜግነትሽን ያዢ፣ ከዚያ ሁሉም ይቀላል ይላሉ። የቱን ላድርግ?»

መልስ፦ እህታችን፣ ለእህትዎ ነፍስ ይማር፤ እርስዎንም እናትዎንም ያጽናችሁ።

ገንዘቡን አይላኩ። ሰውየው ያቀረባቸው ሁለቱም መንገዶች ወንጀል ናቸው፤ ልጅቷን አሜሪካ ከማድረስ ይልቅ በሩን ለዘለቄታው ሊዘጉባት ይችላሉ። የጓደኞችዎ ምክር ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም ለእርስዎ ጉዳይ ቅደም ተከተሉ የተገላበጠ ነው። ዛሬ ኢትዮጵያዊት ነዎት፤ የአሜሪካ ዜግነት ቃለ መሐላ የፈጸሙ ቀን ግን በኢትዮጵያ ሕግ የውጭ አገር ሰው ይሆናሉ። በጉዲፈቻ ጉዳይ ይህ ልዩነት ሁሉንም ነገር ይወስናል።

በመጀመሪያ ስለ ልደት ሰርተፍኬቱ። ሰውየው የእርስዎን የዲቪ ፋይል አላየውም፤ የአሜሪካ ቆንስላ ግን አውጥቶ ያየዋል። የዲቪ ማመልከቻውም፣ ከዚያ በኋላ የሞሉት ዲኤስ-260 የተባለው የስደተኛ ቪዛ ማመልከቻ ቅጽም ልጆችዎን በሙሉ፣ አብረውዎት የማይሄዱትን ጭምር፣ እንዲዘረዝሩ ይጠይቃል። እርስዎ ከአገር ሲወጡ ልጅቷ አራት ዓመት አልፏት ነበር። ያኔ «ልጅ የለኝም» ብለው ሞልተው ዛሬ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናት ነኝ ካሉ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው። የያኔው ሐሰት ነው ከተባለ ግሪን ካርድዎ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል፤ የዛሬው ከሆነ ደግሞ የቪዛ ማጭበርበር ነው። በዚያ ላይ ቆንስላው እናትነቱን ሲጠራጠር የዲኤንኤ ምርመራ ይጠይቃል፤ አክስት በዲኤንኤ እናት ሆና አትወጣም። ነገ እውነተኛውን መንገድ ይዘው ቢመጡም ያ ፋይል ከፊትዎ ይቀመጣል። እኛን ከሁሉ በላይ የሚከብደን ግን ሌላ ነው፦ በዚያ ወረቀት ላይ እህትዎ ከገዛ ልጇ መዝገብ ትፋቃለች።

ሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም ማሳደጊያ አስገብቶ ማውጣት፣ የኢትዮጵያን የውጭ ጉዲፈቻ ያበላሸው አሠራር ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ 2,500 ያህል ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ጥሩ ቤት ያገኙ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ፍላጎቱ ሲጨምር ሕፃን የሚፈልግ ደላላ በየገጠሩ ተሰማራ፤ ዘመድ ያላቸው ልጆች ዘመድ እንደሌላቸው ተደርገው ወረቀት ተሠራላቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ጉዲፈቻ ይሠራ የነበረ የአንድ ድርጅት ሰዎችን የከሰሰው በዚሁ ነው፤ ማሳደጊያው ውስጥ ኖረው የማያውቁ ሕፃናት እዚያ እንዳደጉ ተደርጎ በማሳደጊያው ስም ውል ይፈረም ነበር። ለእርስዎ የተነገረው ዘዴ ከዚህ በምን ይለያል?

የውጭ ጉዲፈቻው የቃል ትርጉም ችግርም ነበረበት። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል የወሰድነው ከኦሮሞ ባህል ነው። በዚያ ሥርዓት ልጁ ለአሳዳጊዎቹ ሙሉ ልጅ ይሆናል፤ ከወለዱት ጋር ግን አይቆራረጥም። በአማርኛ ማደጎ የምንለውም እንዲሁ ነው። የቤተሰብ ሕጋችንም የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደሚቀጥል ይደነግጋል። የምዕራቡ ዓለም ሕግ በአብዛኛው ከዚህ ይለያል፤ ጉዲፈቻ ሲጸድቅ የወላጅ መብት ሙሉ በሙሉ ይቋረጣል። ብዙ እናቶች ልጄ ተምሮ ይመለሳል፣ ደብዳቤ ይጽፍልኛል ብለው የፈረሙት ወረቀት በሌላኛው ወገን ሕግ ለዘለዓለም መለያየት ነበር። በግንቦት 2003 ዓ.ም ደግሞ በዋሽንግተን ግዛት በጉዲፈቻ የተወሰደች ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ቤት በደረሰባት በደል ሞተች፤ አሳዳጊዎቿ ተፈረደባቸው። ያ ዜና ብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ውስጥ አስለቅሷል።

መንግሥት በሩን የዘጋው በአንድ ቀን አይደለም። ከመጋቢት 1 ቀን 2003 ዓ.ም ጀምሮ ጉዳዩን የሚከታተለው ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 መዝገብ ያይ የነበረውን ወደ አምስት አወረደ። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም የውጭ ጉዲፈቻ ታገደ። ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992ን፣ የሚያሻሽል ሕግ አጸደቀ፤ አዋጅ ቁጥር 1070/2010 ሆኖ ወጣ። የውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ እንዲወስድ ይፈቅድ የነበረው ድንጋጌ ተሰረዘ። ስለዚህ «እንደ ድሮው በጉዲፈቻ እናወጣለን» የሚልዎት ሰው ዛሬ በሕጉ ውስጥ የሌለ ነገር እየሸጠልዎ ነው። በአንጻሩ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ አልተከለከለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(5) መንግሥት ለወላጅ አልባ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግና ጉዲፈቻቸውን የሚያስፋፉ ተቋማት እንዲቋቋሙ እንዲያበረታታ ያዝዛል።

አሁን ወደ ቋጠሮው እንምጣ። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ግሪን ካርድ ዜግነት ስላልሆነ እርስዎን እስካሁን አይነካዎትም። «ዜጋ ብሆንም ቢጫ ካርድ አወጣለሁ» ብለው እንዳይዘናጉ። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የቢጫ ካርድ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ያለ ቪዛ መግባትን፣ መኖርን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን፣ ንብረት ማፍራትን ይፈቅዳል። ጉዲፈቻን ግን በስሙ አይጠቅስም። ዜግነት ከወሰዱ በኋላ በቢጫ ካርድ ጉዲፈቻ ለመጠየቅ የሚያስብ ሰው ለማንም ከመክፈሉ በፊት ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር የጽሑፍ መልስ ይያዝ።

የአሜሪካው ወገን ደግሞ የራሱ መቆለፊያ አለው። በአሜሪካ ሕግ አክስት ለእህቷ ልጅ የምታመለክትበት የቪዛ ዘርፍ የለም። ከኢትዮጵያ ለሚመጣ የጉዲፈቻ ልጅ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የወላጅ አልባ ልጅ ማመልከቻ ነው፤ ቅጹ አይ-600 ይባላል። ማመልከቻው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው መግባት አለበት፤ ማመልከት የሚችለው ግን የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ኢትዮጵያዊ ይሁኑ ይላል፣ ይህ ቅጽ አሜሪካዊ ይሁኑ ይላል፤ አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው በመደበኛው የቤተሰብ ማመልከቻ፣ በአይ-130፣ የሚሄደው ነው። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ጉዲፈቻው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው መጽደቁን፣ አሳዳጊው ቢያንስ ለሁለት ዓመት በሕግ የታወቀ የማሳደግ ኃላፊነት እንደነበረው፣ እንዲሁም ከልጁ ጋር ቢያንስ ሁለት ዓመት በአንድ ቤት መኖሩን። ሁለቱ ዓመታት ተከታታይ መሆን የለባቸውም፤ ይደመራሉ። በየክረምቱ ለሦስት ሳምንት እየመጡ መጠየቅ ግን መኖር አይባልም። በየወሩ የሚልኩት ገንዘብ፣ የቱንም ያህል ቢሆን፣ የአንድ ቀን ኑሮ አይቆጠርልዎትም።

ስለዚህ ለእርስዎ የሚታየን መንገድ ይህ ነው። ጉዲፈቻውን በእርግጥ ከፈለጉት አሁን፣ ኢትዮጵያዊት ሳሉ፣ በአዲስ አበባ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያጽድቁ። ሕጉ የሚጠይቀውን ዕድሜ፣ ማለትም 25 ዓመት፣ አልፈዋል። ያላገቡ መሆንዎም ነገሩን ያቀልልዎታል፤ ባለትዳር በመርህ ደረጃ ብቻውን ጉዲፈቻ ማድረግ አይችልም፣ የትዳር ጓደኛው የውጭ ዜጋ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ እዚያው ላይ ይቆማል። ውሳኔው በእጅዎ ከገባ በኋላ የዜግነት ሂደትዎን ይቀጥሉ፤ በዜግነት ማመልከቻው በኤን-400 ቅጽ ላይም ልጅቷን የጉዲፈቻ ልጅ ብለው ያስመዝግቡ። ዜጋ ከሆኑ በኋላ ቢጫ ካርድ አውጥተው አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ከልጅቷ ጋር ኖረው አይ-130 ያስገባሉ። ይህን ሁለት ዓመት በግሪን ካርድ ለመኖር መሞከር አደገኛ ነው። ዓመትና ከዚያ በላይ ከአሜሪካ ውጭ የቆየ የግሪን ካርድ ባለቤት መኖሪያውን እንደተወ ሊቆጠር ይችላል። አሜሪካ ሳሉ አመልክተው የሚያወጡት የመመለሻ ፈቃድ እስከ ሁለት ዓመት ቢሸፍንም ለዜግነት የሚቆጠረውን ተከታታይ ቆይታዎን ይሰብረዋል። ዜጋ ግን የትም ኖሮ ይመለሳል። ልጅቷም በዚህ መንገድ የስደተኛ ቪዛ አግኝታ 18 ዓመት ሳይሞላት ከእርስዎ ጋር ለመኖር ከገባች በሕጉ መሠረት ወዲያው የአሜሪካ ዜጋ ትሆናለች።

ሁለት ዓመት ሥራ ትቶ መምጣት ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጉዲፈቻው ከ16 ዓመቷ በፊት ይጽደቅ እንጂ አብሮ የመኖሩ ጊዜ ከዚያ በኋላም ሊሟላ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ክፈሉ እያለ የሚያስቸኩልዎት ሰው የሚያስቸኩለው ለራሱ ነው።

ፍርድ ቤት ከመግባትዎ በፊት መዝገቡ መጽዳት አለበት። ከሁሉ አስቀድሞ የእህትዎ የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀን፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ያለፈበትም ዘግይቶ ሊመዘገብ ስለሚችል እናትዎ ወረዳው ሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ። ቀጥሎ የልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት፣ እናት በሚለው ቦታ እህትዎ የተጻፈችበት። ስሞቹ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ በሆስፒታል ካርድ ላይ አንድ ዓይነት፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ሌላ ዓይነት የተጻፈ የአያት ስም ጉዳይን ለወራት ያጓትታል። በመቀጠል እናትዎ በፍርድ ቤት የልጅቷ አሳዳሪና ሞግዚት መሆናቸውን ያረጋግጡ። ይህ ወረቀት ጉዲፈቻው ባይሳካ እንኳ ይጠቅማል፤ ትምህርት ቤት ለመቀየር፣ ለሕክምና ፊርማ፣ ለፓስፖርት፣ እህትዎ ትታው ያለፈችው ንብረት ካለም ለልጅቷ ለማስጠበቅ።

አብዛኛው መዝገብ የሚወድቀው በአባት ጉዳይ ላይ ነው። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 191 በሕይወት ያለና የታወቀ አባት ለጉዲፈቻው ፈቃዱን እንዲሰጥ ይጠይቃል። «ጠፍቷል» ማለት ብቻ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንድ ሰው ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ የአባቱን ቤተሰብ ፈልጉ፤ እናቱ፣ ወንድሙ፣ የሰፈር ሰው የመጨረሻ ወሬውን መቼ እንደሰሙ በምስክርነት ይናገሩ። ቢገኝ ደግሞ አትደብቁት፤ በስልክ እንኳ ቢሆን አነጋግራችሁ ፈቃዱን በኤምባሲ በኩል የተረጋገጠ ሰነድ አድርጎ ይላክ። ከዓመታት በኋላ «ልጄ ያለ እኔ ፈቃድ ተሰጠች» ብሎ የሚመጣ አባት ጉዲፈቻውን ሊያናጋ ይችላል፤ በቆንስላ ቃለ መጠይቅም ስለ አባቷ መጠየቅዎ አይቀርም።

እርስዎ ከአሜሪካ የሚልኩት ሰነድ፣ ማለትም የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ፣ በደረቅ ፎቶ ኮፒ አይሠራም። በኖታሪ፣ በግዛቱና በዋሽንግተን ባለው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተረጋግጦ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ይታተማል፤ አዲስ አበባ ደርሶም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ውክልና ከሰጡ ለጠበቃ ወይም ለቅርብ ዘመድ ይስጡ፤ ምን ምን ማድረግ እንደሚችል በዝርዝር ይጻፍ። «በማናቸውም ጉዳይ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ልጅን በሚመለከት ነገር ላይ አይስጡ። ፍርድ ቤቱ ውሉን የሚያጸድቀው ለልጅቷ የተሻለ ጥቅም መሆኑን ሲያምንበት ነው። የሕፃናት ጉዳይ የሚከታተለው አካል ማኅበራዊ ጥናት ሊያቀርብ ይችላል፤ የልጅቷም አስተያየት ይሰማል። ፍርድ ቤቱ እርስዎንም በአካል ሊጠይቅ ስለሚችል የአውሮፕላን ትኬትዎን የመመለሻ ቀኑ በሚቀየር መልኩ ይግዙ። ከጸደቀ በኋላ ጉዲፈቻውን በሲቪል ምዝገባ ማስመዝገብ አይርሱ፤ የፍርዱን ግልባጭ ብቻ ይዞ መቅረት የተለመደ ስህተት ነው።

አብረው በሚኖሩባቸው ሁለት ዓመታት ማስረጃውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሰብስቡ። የቤት ኪራይ ውል በስምዎ ይሁን፤ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ወላጅ ተብሎ የሚፈርመው እርስዎ ይሁኑ እንጂ እናትዎ አይሁኑ። የክሊኒክ ካርድ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የፓስፖርትዎ የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ይቀመጥ። ሁላችሁም በእናትዎ ቤት ብትኖሩ ችግር የለውም፤ ግን መርማሪው የልጅቷ አሳዳጊ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ወረቀቱ ሁሉ ወደ እርስዎ ማመልከት አለበት።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ቤተሰብ ሳያስበው ይገባበታል። ዜጋ ሲሆኑ ለእናትዎ ማመልከት ይችላሉ። የእናትዎ ቪዛ ግን ተከታይ አይፈቅድም፤ የልጅ ልጅ አብራ አትመጣም። እናትዎ ግሪን ካርድ ቢይዙም ለልጅ ልጃቸው ማመልከት አይችሉም። እናቴ ትታከም ብለው ሲያመጧቸው ልጅቷ አዲስ አበባ ላይ ሁለተኛ እናቷን ታጣለች። እናትዎ ራሳቸው ልጅቷን በጉዲፈቻ አጽድቀው፣ ሁለት ዓመቱን አብረው ኖረው፣ ግሪን ካርድ ሲይዙ እንደ ልጃቸው እንዲያመለክቱላት ማድረግ በሕግ የሚቻል ሌላ መንገድ ነው። ነገር ግን ለግሪን ካርድ ባለቤት ልጅ ወረፋ አለ፤ እሳቸው አሜሪካ ሆነው ልጅቷ የምትጠብቅበት ጊዜ ይኖራል። የ67 ዓመት የስኳር ሕመምተኛ አሳዳጊ መሆናቸውንም ፍርድ ቤቱ ይመዝናል። በእኛ አስተያየት ይህ ሁለተኛ ምርጫ ነው።

ሦስተኛም ምርጫ አለ። ልጅቷ እዚያው፣ በአያቷ ቤት፣ በእርስዎ ድጋፍ ማደግ ትችላለች፤ ይህን እንደ ሽንፈት አንቆጥረውም። ለደላላ የተጠየቁት 5,000 ዶላር የብዙ ጊዜ ትምህርቷን፣ የእናትዎን መድኃኒትና ቤት ውስጥ የምታግዛቸውን ሴት ደመወዝ ይሸፍናል። እናትዎ ቢደክሙ ማን እንደሚተካ ከአሁኑ ተነጋገሩ፤ ተተኪ ሞግዚት የሚሆን ዘመድ በጽሑፍ ይታወቅ።

በአሜሪካ በኩል የሚያማክርዎ ሰው ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወይም በፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የተሰጠው ወኪል ይሁን፤ ታክስ የሚሠራልዎት ሰው ቅጽ መሙላት ስለሚችል ሕግ ያውቃል ማለት አይደለም። በአዲስ አበባም የጥብቅና ፈቃዱን ያሳይዎት፤ ውሉ ክፍያው በየደረጃው መሆኑን ይጻፍ፤ ደረሰኝ ይስጥዎት። ለዚያ ጉዳይ አስፈጻሚ ደግሞ የልጅቷንም ሆነ የእህትዎን ሰነድ ልከውለት ከሆነ ዋናውን ዛሬውኑ ያስመልሱ፤ በስሙ የሰጡት ውክልና ካለም በሰነዶች ማረጋገጫ ይሻሩት፣ መሻሩንም በጽሑፍ ያሳውቁት።

ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት በዚህ ሳምንት ለልጅቷ ይደውሉላት። አሜሪካ ትመጪያለሽ ብለው ቃል አይግቡላት፤ ገና ያልተወሰነ ነገር ነው። አያቷን ትታ መሄድ ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቋት፤ እናትዎንም ለብቻቸው ያናግሩ። ዳኛው ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቃት መጀመሪያ የጠየቋት እርስዎ መሆን አለብዎት።